ከድምፅ በፊት የሚጓዘው ምልክት

ኮተቤ የሚኖር አንድ ተማሪ በ09 ከሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሩ፣ በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር ወዳላት እኅቱ ይደውላል እንበል። ስልኳ እስኪጠራ የሚያልፉት ጥቂት ሰከንዶች ባዶ ጊዜ አይደሉም። ድምፅ ከመተላለፉ በፊት መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ብዙ መልእክት ይለዋወጣሉ። ይህ ልውውጥ የሚካሄድበት መንገድ የምልክት መስመር ወይም ሲግናሊንግ ቻናል ይባላል።

አሠራሩን በጂኤስኤም ሥርዓት እንመልከት። እያንዳንዱ አንቴና ማንነቱን ያለማቋረጥ ያሰራጫል፤ ስልኩም እያዳመጠ የተሻለውን ይመርጣል። በእንጦጦ ግርጌ እንዳሉት የየካ መንደሮች ባሉ ወጣ ገባ ቦታዎች ኮረብታ ሞገዱን ስለሚጋርድ፣ ጥቂት መራመድ ስልኩን ወደ ሌላ አንቴና ሊያሻግረው ይችላል። ተማሪው ሲደውል ስልኩ በጋራ መስመር አጭር የፈቃድ ጥያቄ ይልካል። ሁለት ስልኮች በአንድ ቅጽበት ከጠየቁ ጥያቄዎቹ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ የተለያየ ጊዜ ቆይተው እንደገና ይሞክራሉ። በበዓል ዋዜማ ጥሪ አልሄድ ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መጨናነቅ ነው።

ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የኢትዮ ቴሌኮም ማዕከል የተደወለውን ቁጥር መርምሮ ጥያቄውን ለሳፋሪኮም መግቢያ ማዕከል ያስረክባል። ይህም ማዕከል የደንበኞችን መዝገብ ይጠይቃል። መዝገቡ የሚያውቀው እኅት ያለችበትን ሰፈር ሳይሆን፣ ስልኳ በመጨረሻ የተመዘገበበትን ማዕከል ነው። ያ ማዕከል በክልሉ ባሉት አንቴናዎች አማካይነት ስልኳን ይፈልጋል፤ ስልኳ ሲመልስም ጥሪው ይሰማል። ሳፋሪኮም አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ በአገር ውስጥ ሁለተኛ የሞባይል ድርጅት ስላልነበረ፣ እንዲህ ያለው ርክክብ አያስፈልግም ነበር።

አጭር የጽሑፍ መልእክትም የሚጓዘው በድምፅ መስመር ሳይሆን በዚሁ የምልክት መስመር ነው። መስመሩ ለቁጥጥር የተሠራ በመሆኑ ለአንድ መልእክት የሚሰጠው ቦታ 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ብቻ ነው። የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ፊደላት ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባው የግዕዝ ፊደል ግን ለእያንዳንዱ ሆሄ 16 ቢት ይፈልጋል፤ 1120ን ለ16 ስናካፍል 70 እናገኛለን። ሰባ አንደኛው ሆሄ ሲጨመር መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍሎቹን መልሶ የሚያጋጥም መረጃ ቦታ ስለሚወስድም እያንዳንዱ ክፍል 67 ሆሄ ብቻ ይይዛል።

ይሁን እንጂ የግዕዝ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ ኪሳራው ቁጥሩ የሚያሳየውን ያህል አይደለም። «ሰላም» በግዕዝ 3 ሆሄ ሲሆን በላቲን ሲጻፍ 5 ፊደል ይፈጃል። በተጨናነቀ ዕለት ጥሪው እንቢ ካለ፣ በ70 ሆሄ የታጠረ መልእክት መላክ ብልህነት ነው፤ ወዲያው ባይደርስ እንኳ ማዕከሉ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክርለታልና።