ዋግ የሚዘራበት ማሳ

ገበሬ ዋግ እንዳይመጣበት ይጸልያል። በቢሾፍቱ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ደግሞ ሳይመጣ እንዳይቀር ይሰጋሉ። ዋግ በጠፋበት ዓመት ስንዴው ሁሉ ጤነኛ ስለሚመስል፣ በሽታውን የቻለው ከቶም ካልደረሰበት አይለይም። ስለዚህ በሽታው ሆን ተብሎ ይዘራል።

በሙከራ መደቦቹ ዙሪያና መካከል ዋግ ቶሎ የሚይዛቸው ዝርያዎች በመስመር ይዘራሉ። «ሞሮኮ» የሚባለው ስንዴ በብዙ አገር ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ የሚፈለገው መታመም ስለሚያውቅበት ብቻ ነው። ከታመመ ስንዴ የተሰበሰበው የፈንገስ ብናኝ በውሃ ወይም በቀላል ዘይት ተበጥብጦ ይረጭባቸዋል፤ በመርፌ ወደ ግንዳቸው የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። ብናኙ እንዲበቅል ለሰዓታት የሚቆይ እርጥበት ስለሚሻ ርጭቱ አመሻሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል። የቀረውን ነፋስ ይጨርሰዋል።

ዋግ ሦስት ዓይነት ነው፦ የግንድ፣ የቅጠልና ቢጫ ዋግ። ቢጫው ቅዝቃዜ ስለሚወድ በቁሉምሳ ማዕከል ሥር ባለው የመራሮ ደጋ ይፈተናል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር ይስማማዋል፤ የደብረ ዘይት ማሳ በተለይ ለፓስታ የሚሆነው የዱረም ስንዴ የሚፈተንበት ነው። የዳቦ ስንዴው ዋና መፈተኛ በኬንያ ንጆሮ ይገኛል። ወደ ሁለቱም ቦታዎች ከልዩ ልዩ አገሮች ናሙና ይላካል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የተገኘውና «ዩጂ 99» የተባለው የግንድ ዋግ በዓለም ላይ የሚዘራውን አብዛኛውን ስንዴ ሊያጠቃ እንደሚችል ታውቋል።

ማሳው ሲታመም ንባቡ ይጀምራል። ባለሙያው ደብተሩን ይዞ በየመደቡ እየቆመ ሁለት ነገር ይመዘግባል፦ ግንዱ በመቶ ስንት እንደተሸፈነ፣ ቁስሉም ትንሽና ዙሪያው የገረጣ ነው ወይስ ሰፊና ብናኝ የሚያፈስ። መቶኛው እንግዳ ሰው ያሳስታል። በተሻሻለው የኮብ መለኪያ «100» የሚባለው ቁስሉ ከተክሉ ገጽ 37 በመቶውን ሲይዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ለቁስል ቦታ የለም። ንባቡ በየሳምንቱ ገደማ ይደገማል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህን ድግግሞሽ ነው፤ አንድ ቀን የተነበበ ቁጥር በሽታው እንዴት እንደሄደ አይናገርምና።

ንጹሕ ሆኖ የሚያልፍ ስንዴ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተለቀቀው «ዲገሉ» ዩጂ 99ንም ቢጫ ዋግንም ችሎ ነበር። በ2010 ቢጫ ዋግ «ኩብሳ»ን እና «ጋላማ»ን ሲመታ፣ የአርሲና የባሌ ገበሬ ፊቱን ወደ ዲገሉ አዞረ። በ2013 ግን ከዩጂ 99 ዘመድ ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ መጣ። ዲገሉ የግንድ ዋግን የሚመክትበት ዋነኛ ዘረመል አንድ ነበር፤ አዲሱ ዋግ እሱን አለፈው፤ በአንዳንድ ማሳ ምርቱ ጨርሶ ጠፋ። ከዚያ በፊት የተደረገው ፈተና ስህተት አልነበረም። ያልነበረን ዋግ ግን መፈተን አይቻልም።

በዚህ ምክንያት አዳቃዮች ጥቂት የሚታመሙ፣ ግን ቀስ ብለው የሚታመሙ ስንዴዎችን ይፈልጋሉ። ችግኝ ሳሉ በግሪንሃውስ ሲፈተኑ ይወድቃሉ፤ ሲያድጉ ግን በሽታው እንዳይገሰግስ ያደርጋሉ። ከኢመር ስንዴ በማዳቀል የተገኘውና «ኤስአር 2» የተባለው ዘረመል ለዚህ የታወቀ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ሳይሸነፍ የቆየ ቢሆንም ብቻውን ግን በቂ መከላከያ አይሆንም። የሚታወቅበት ምልክትም አለው፤ የእሸቱን ገለባና አንጓውን ያጠቁራል። ጀማሪ አንባቢ ይህን ጥቁረት በሽታ ብሎ እንዳይመዘግብ ልጡን ቀርቦ ማየት አለበት። ዋግ ልጡን ይሰነጥቃል፤ ይህኛው ቀለም ብቻ ነው።