ሆት ሮድ ስትሠሩ ገንዘቡ ከኋላ ይጀምር
አሜሪካኖች አሮጌ መኪና ላይ ጉልበተኛ ሞተር ገጥመው ሆት ሮድ ይሉታል። በቪዲዮው ያነሳነው የ1932ቱ ፎርድ ቪ8 ሞተር 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ ብዙ ሰው 5.7 ሊትሩን የሸቭሮሌት ሞተር ይጭንበትና፣ ጉልበቱን 400 አድርሶ፣ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ይረሳል። መብራት ላይ ነዳጅ ሲረግጥ፣ ሴሚያሱ ቀጭ! የፎርድ 9 ኢንች ዲፈረንሻል የሚመረጠው ይሄን ጉልበት ስለሚችል ነው። ሬሾውን 4.11 ካደረጋችሁት፣ ማለትም ዘንጉ 4.11 ጊዜ ዞሮ ጎማው አንዴ የሚዞር ከሆነ፣ አነሳሱ እሳት ነው። ሃይዌይ ላይ ግን ካምቢዮው ኦቨርድራይቭ ከሌለው ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል፤ ነዳጁማ አይወራ! ትልቅ ካምሻፍትም ድምፁ ያምራል፣ ከተማ ውስጥ በዝቅተኛ ዙር ግን ጉልበት የለውም።