ከርከዴ፡- የተፈተነው የቱ ጥቅሙ ነው?

በመተማ ዮሐንስ ከርከዴ እንግዳ መጠጥ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ ያለችው ሱዳን በምርቱ በዓለም ገበያ ትታወቃለች። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን ማሳው በዋናነት የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ነው። ተክሉ ሙቀት ይወዳል፤ የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከልም የከርከዴ ዝርያዎችን ለአምራቾች አውጥቷል።

“የከርከዴ አበባ” ተብሎ የሚሸጠው በትክክል አበባው አይደለም። የአበባው ቅጠል ከረገፈ በኋላ የዘር ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ቀይ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከቀለሙና ከኮምጣጣ ጣዕሙ ሌላ ዝልግልግ ነገር አለው። ተመራማሪዎች ፖሊሳካራይድ ይሉታል፤ በርካታ የስኳር ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሠሩት ማለት ነው። ባሚያ ሲቀቀል የሚሳበው ዝልግልግም የዚሁ ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ተክሎች ዘመዳሞች ናቸው።

አወጣጡ በመርህ ደረጃ ቀላል ነው። የደረቀው ሽፋን ተፈጭቶ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ይጣራል። በተጣራው ላይ ጠንካራ አልኮል ሲጨመር ዝልግልጉ ረግቶ ይዘቅጣል፤ ቀለሙና አሲዱ በአብዛኛው በፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ።

በጀርመን የሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናታቸው ይህ ፖሊሳካራይድ የሰው ቆዳ ሕዋሳትን መራባት እንደሚያነቃቃ አሳይተዋል። ሙከራው የተደረገው ግን በቤተ ሙከራ በተያዙ ሕዋሳት እንጂ በሰው ላይ አይደለም።

የደም ግፊቱ ወሬ ሌላ ምንጭ አለው። በአሜሪካ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ግፊታቸው መጠነኛ ከፍ ያለ 65 ሰዎች ለ6 ሳምንታት ተፈትነዋል። ከፊሎቹ በቀን 3 ጊዜ 240 ሚሊ ሊትር የከርከዴ ሻይ፣ ሌሎቹ አስመስሎ የተሠራ መጠጥ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ውጤት የላይኛው የግፊት ልኬት በሻይ ጠጪዎቹ በአማካይ በ7.2፣ በሌሎቹ በ1.3 ቀንሷል። የተፈተነው ሙሉው ሻይ ነው፤ ዝልግልጉ ለብቻው አይደለም። ይህን ሰምቶ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን የሚያቋርጥ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ለአርሶ አደሩ የሚቀርበው ጉዳይ ግን ጥራቱ ነው። ሽፋኑ ለስላሳ ሳለ ካልተለቀመ ይጠነክራል። መሬት ላይ ተሰጥቶ አፈርና ሻጋታ ከያዘው ደግሞ የትኛውም የጤና ወሬ ገዢ አያመጣለትም፤ ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ አልጋ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ማድረቅ ያስፈልጋል። ለቀማውም በእጅ ነው። ከሰሊጥ አጨዳ ጋር ከተደራረበ ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ወረዳዎች ዘር ከማከፋፈላቸው በፊት ይህን ማስላት አለባቸው።