የኑግ ዘይት፣ ድርብ ትስስርና ኦክስጅን

የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ማንቡክ የምትገኝበት የመተከል ዞን ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ አኩሪ አተርና ኑግ የሚመረትበት የቅባት እህል አገር ነው። በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አልኬኖች የሚያትተው ክፍል ለዚህ አካባቢ ተማሪ ከሰብሉ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ቢመስለውም፣ በክፍሉ ከሚዘረዘሩት አጸግብሮቶች፣ ማለትም አንዱ ንጥረ ነገር ከሌላው ጋር ተገናኝቶ አዲስ ንጥረ ነገር ከሚሆንባቸው ለውጦች፣ ጥቂት የማይባሉት በዘይት ዕቃና በእንጀራ ምጣድ ላይ በየዕለቱ ይካሄዳሉ።

አልኬን ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠራ፣ ቢያንስ ሁለት የካርቦን አቶሞቹ በድርብ ትስስር የተያያዙ ውህድ ነው። ከሁሉም ትንሹ ኤቲሊን ሲሆን፣ ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጂን ያለው ይህ ጋዝ ማንጎና ሙዝ ሲበስሉ ራሳቸው የሚያወጡትና በአጠገባቸው ያለውንም ፍሬ የሚያበስለው ነው። የዘይት ሞለኪውል ኦክስጅንም ስላለበት በጥብቅ አነጋገር አልኬን አይባልም፤ ነገር ግን ከግሊሰሮል ጋር የተያያዙት ሦስት ረጃጅም ሰንሰለቶቹ፣ የስብ አሲዶች የሚባሉት፣ ብዙውን ጊዜ ድርብ ትስስር ስለሚኖራቸው በዚያ ስፍራ የሚያሳዩት ጠባይ የአልኬን ጠባይ ነው። ኦሌይክ አሲድ አንድ፣ ሊኖሌይክ ሁለት፣ ሊኖሌኒክ ሦስት ድርብ ትስስር አላቸው። በኢትዮጵያ ኑግ ዘይት ውስጥ ከስብ አሲዶቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ ሲሆን፣ በሰሊጥ ዘይት ኦሌይክና ሊኖሌይክ ተቀራራቢ ድርሻ ይይዛሉ።

ድርብ ትስስር ሁለት ስለሆነ በብርታቱም የነጠላው እጥፍ ሊመስል ይችላል፤ ልኬቱ የሚያሳየው ግን ይህን አይደለም። ሁለት ካርቦኖችን ያያዘ ነጠላ ትስስር ለመበጠስ በአንድ ሞል 347 ኪሎ ጁል ገደማ ኃይል ሲያስፈልግ ድርቡን ለመበጠስ የሚያስፈልገው 611 ገደማ በመሆኑ፣ ሁለተኛው ትስስር በበኩሉ የሚጨምረው 264 ያህል ብቻ ነው። ፓይ የሚባለው ይህ ሁለተኛ ትስስር ደካማ ከመሆኑም በላይ፣ ኤሌክትሮኖቹ በካርቦኖቹ መካከል ተሸሽገው ሳይሆን ከበላይና ከበታች ተዘርግተው ስለሚገኙ፣ ኤሌክትሮን ለሚሻ ለማናቸውም ንጥረ ነገር የተጋለጡ ናቸው። የአልኬኖች ኬሚስትሪ በሙሉ ለማለት ይቻላል ከዚህ ይመነጫል፤ ደካማው ትስስር ይከፈትና ሁለቱ ካርቦኖች እያንዳንዳቸው አዲስ አቶም ይቀበላሉ፤ ይህም የመደመር አጸግብሮት ይባላል።

ቀይ ቡናማው ብሮሚን ከአልኬን ጋር ሲገናኝ ወዲያው ቀለሙን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ኦስትሪያዊው አርቱር ፎን ሂዩብል እ.ኤ.አ. በ1884 ይህንኑ ጠባይ ወደ መለኪያነት ለውጦ፣ 100 ግራም ዘይት ስንት ግራም አዮዲን እንደሚቀበል በመለካት በዘይቱ ውስጥ ያለው የድርብ ትስስር መጠን የሚታወቅበትን ዘዴ አስተዋወቀ። የአዮዲን ቁጥር የሚባለው ይህ ልኬት ለፓልም ዘይት ከ50 እስከ 55፣ ለሰሊጥ ከ104 እስከ 120፣ ለአኩሪ አተር ከ124 እስከ 139 ሲሆን፣ የኑግ ዘይትም ከአኩሪ አተሩ ጎን የሚሰለፍ ነው።

በድርብ ትስስር ላይ ሃይድሮጂን ሲደመርበት ፈሳሹ ዘይት ይረጋል። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ እ.ኤ.አ. በ1897 ኤቲሊንና ሃይድሮጂን በኒኬል ብናኝ ላይ ሲያልፉ እንደሚዋሃዱ በማሳየቱ በ1912 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ ጀርመናዊው ዊልሄልም ኖርማን ደግሞ ዘዴውን ለፈሳሽ ዘይት አውሎ በ1902 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ኒኬሉ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ አጸግብሮቱን የሚያፋጥን ነው። እዚህ ላይ በገበያ የተለመደ አንድ ስሕተት መታረም አለበት፤ የሚረጋ ዘይት ሁሉ ሃይድሮጂን የተጨመረበት አይደለም። ፓልም የሚረጋው ከተፈጥሮው ድርብ ትስስር የሌላቸው የስብ አሲዶች ስለሚበዙበት ነው። በእርግጥ የሚያሰጋው ሃይድሮጂን በከፊል ብቻ የተጨመረበት ዘይት ነው፤ ምክንያቱም በሥራው ሂደት ሳይደመርባቸው ከቀሩት ድርብ ትስስሮች አንዳንዶቹ ትራንስ ወደሚባለው ቀጥ ያለ ቅርጽ ይዞራሉ፤ ይህ ዓይነቱ ስብ ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ በመሆኑም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከምግብ ምርት ጨርሶ እንዲወገድ ጥሪ አድርጓል።

ተማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የማርኮቭኒኮቭ ሕግ ነው። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ማርኮቭኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1870 እንዳመለከተው፣ ሃይድሮጂን ብሮማይድን የመሰለ አሲድ በአልኬን ላይ ሲደመር ሃይድሮጂኑ የሚሄደው ቀድሞም ብዙ ሃይድሮጂን ወዳለው ካርቦን ነው፤ ምክንያቱም ሃይድሮጂኑ እዚያ ሲያርፍ በሌላኛው ካርቦን ላይ የሚፈጠረው አዎንታዊ ሙል በዙሪያው ካርቦኖች ስለሚበዙለት የተሻለ ይረጋጋል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ቢሆንም፣ በሃይድሮጂን ብሮማይድ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አንድ ጊዜ ሕጉን የሚከተል፣ ሌላ ጊዜ የሚቃረን ውጤት እየሰጡ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያደናግሩ ኖረዋል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ካራሽና ፍራንክ ማዮ እ.ኤ.አ. በ1933 እንቆቅልሹን ሲፈቱ፣ ጥፋቱ አልኬኑ አየር እያገኘው በቆየ ጊዜ በውስጡ የተፈጠረው ጥቂት ፐሮክሳይድ፣ ማለትም ሁለት የኦክስጅን አቶሞች እርስ በርስ የተያያዙበት ውህድ፣ መሆኑን አረጋገጡ። ፐሮክሳይዱ ሲሰበር ራዲካል የሚባሉ፣ ጥንድ ያላገኘ ኤሌክትሮን የተሸከሙ ቁርጥራጮች ይፈጠራሉ፤ እነዚህ የመደመሩን መንገድ ስለሚለውጡት ብሮሚኑና ሃይድሮጂኑ ቦታ ይለዋወጣሉ።

በካራሽና በማዮ ጠርሙስ የተገኘው ያ ፐሮክሳይድ በየቤቱ ዘይት ውስጥም ይፈጠራል። ኦክስጅን በቅድሚያ የሚያጠቃው ድርብ ትስስሩን ራሱን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ካርቦን ሲሆን፣ ከዚያ ላይ አንድ ሃይድሮጂን ሲነጠቅ የሚቀረው ራዲካል ኦክስጅን ተቀብሎ ከጎረቤት ሰንሰለት ሌላ ሃይድሮጂን ስለሚነጥቅ ለውጡ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል ይተላለፋል። በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል ያለ ካርቦን ደግሞ ይበልጥ የተጋለጠ በመሆኑ ሊኖሌይክ አሲድ ከኦሌይክ በአሥር እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይበላሻል። ፐሮክሳይዶቹ ሲሰባበሩ የሚወጡት ሄክሳናልን የመሰሉ ትናንሽ ውህዶች ለከረፋ ዘይት መጥፎውን ጠረን ይሰጡታል፤ አኩሪ አተር ሲፈጭ የሚያወጣው የጥሬ ባቄላ ዓይነት ሽታም በእህሉ ውስጥ ያለ ኤንዛይም ይህንኑ ለውጥ ስለሚያፋጥነው የሚመጣ ነው። የሰሊጥ ዘይት በርከት ያለ ሊኖሌይክ እያለበት ብዙ ጊዜ የሚቆየው ሰሳሞል የሚባለውን ጨምሮ ራዲካሎችን የሚያስቆሙ ውህዶች ስላሉት ነው። እንደ መተከል ባለ ቆላማ አገር ሙቀቱ ለውጡን ስለሚያፈጥነው፣ የኑግ ዘይት ዕቃው ሙሉ ሆኖ፣ አፉ ተከድኖና ከፀሐይ ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል።

ዘይቱ የሚቀመጥበት ጀሪካን ራሱ የአልኬን ልጅ ነው። እልፍ የኤቲሊን ሞለኪውሎች ድርብ ትስስራቸው እየተከፈተ እርስ በርስ ሲቀጣጠሉ ፖሊኤቲሊን የሚባለው ረጅም ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊመር፣ ይገኛል። የእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ ባልደረቦች ጊብሰንና ፋውሴት እ.ኤ.አ. በ1933 በከፍተኛ ግፊት ሲያገኙት ሳያስቡት ነበር፤ በኋላ እንደታወቀውም አጸግብሮቱን ያስጀመረው ወደ ዕቃው ሳይታወቅ የገባ ጥቂት ኦክስጅን ነው።

ኦክስጅን በዘይት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ ለዚህም የእንጀራ ምጣድ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ነው። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ፣ ከዚያም በኋላ ጋጋሪዋ በየጊዜው በጎመን ዘር ማሰሻ ስታስሰው፣ በዘሩ ዘይት ውስጥ ያሉት ድርብ ትስስሮች በሙቀትና በአየር ኃይል ራዲካል እየፈጠሩ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። በዚህ መንገድ ፈሳሹ ዘይት የሸክላውን ቀዳዳዎች ሞልቶ ወደ ጠንካራና ልሙጥ ሽፋን ይለወጣል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል። ድርብ ትስስር የሌለው ስብ ይህን ሽፋን ሊሠራ አይችልም፤ የኢትዮጵያ እናቶች ለማሰሻ በድርብ ትስስር የበለጸጉ ዘሮችን መምረጣቸው ከልምድ የተገኘ ትክክለኛ ኬሚስትሪ ነውና በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል።

ብሮሚን አደገኛና ውድ በመሆኑ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከአልኬን ጋር ቀለሙን የሚያጣበትን ሙከራ በወረቀት ላይ ብቻ ያልፉታል። በመምህር መሪነት ግን ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አዮዲን መልክ ያለው ማሳያ ማዘጋጀት ይቻላል፤ እኩል መጠን ያላቸው የኑግና የፓልም ዘይቶች በሁለት ብርጭቆ ተቀድተው፣ በየአንዳንዳቸው እኩል የአዮዲን ጠብታ ተጨምሮና በሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጠው ቢነቃነቁ፣ የአዮዲን ቁጥራቸው እንደሚያመለክተው ቡናማው ቀለም በኑጉ ውስጥ ቀድሞ ይፈዛል።