የወለቀ ምልክትና የተጋነነ ቁጥር፦ የርብን ዓሣ ስለ መቁጠር
ከይፋግ በስተደቡብ ወደ ጣና በሚፈሰው የርብ ወንዝ፣ አንዳንድ የላቤዎባርበስ ዝርያዎች በክረምቱ ማብቂያ ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። መረብም የሚዘረጋባቸው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ «ስንት ቀሩ?» የሚለው ጥያቄ የዋዛ አይደለም።

የተለመደው ዘዴ ምልክት አስሮ መልቀቅና ዳግም ማጥመድ ነው። ለምሳሌ 200 ዓሣ ምልክት አስረን ብንለቅ፣ በኋላም ከምንይዛቸው 150 ውስጥ 20ዎቹ ምልክት ቢኖራቸው፣ 200 በ150 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 1,500 ይሆናል። ነገር ግን ምልክት ይወልቃል፤ የወለቀበትንም ዓሣ ምልክት እንዳልታሰረበት እንቆጥረዋለን። ይህ ስሕተት ሁልጊዜ ወደ ማብዛት ያደላል፤ ናሙና በመጨመርም አይታረም።

መፍትሔው በጥቂት ዓሣዎች ላይ ሁለት ሁለት ምልክት ማሰር ነው። ዳግም ከተያዙት 16ቱ ሁለቱንም፣ 8ቱ አንዱን ብቻ ይዘው ቢገኙ፣ ከቀሩት 40 ምልክቶች የ8ቱ ጥንድ ወልቋል ማለት ነው። የአንዱ መውለቅ ሌላውን እስካልነካ ድረስ፣ የመውለቅ መጠኑ 20 በመቶ ነው። (ሁለቱም የወለቁባቸው ስለማይታወቁ ስሌቱ ለ48 አይካፈልም።) እንግዲህ ከ200ው ምልክታቸው የጸናው 160 ናቸው፤ ግምቱም ወደ 1,200 ይወርዳል። እኔ በበኩሌ ይህ እርማት ያልተደረገበትን ቁጥር ለማስገር ፈቃድ መነሻ አላደርገውም።