የቀጭኔ የደም ግፊት ከእኛ እጥፍ ነው፤ ታዲያ ለምን አትታመምም?

ብዙ ተቀምጣችሁ ድንገት ብድግ ስትሉ ዓይናችሁ ጭልም ብሎባችሁ ያውቃል? ደም ወደ አንጎላችሁ ቶሎ ስላልደረሰ ነው። እስቲ አሁን ቀጭኔን አስቧት። የእሷ ልብና አንጎል ሁለት ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ውሃ ስትጠጣ የፊት እግሮቿን ከፍታ ጭንቅላቷን እስከ መሬት ታወርዳለች፤ አንበሳ ካየች ግን ወዲያው ቀና ብላ መሮጥ አለባት። ያኔ ራሷን ብትስት አለቀላት። ግን አትስትም። እንዴት?

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ከፓምፕ ልጀምር። ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ግፊት ሲያንስ ውሃው ታች ቤት ይወርዳል፣ ላይ ግን ጠብ አይልም። ደምም እንደዚሁ ነው። አንድ ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር 78 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ያጣል፤ ሁለት ሜትር ሲወጣ ደግሞ 156። የጤነኛ ሰው የደም ግፊት 120 በ80 ነው። አያችሁ? በእኛ ግፊት ቢሆን ደሙ ቀጭኔ አንጎል ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህ ልቧ ከእኛ እጥፍ በሚሆን ግፊት ይሠራል። ብዙ ሰው ልቧ የተለየ ግዙፍ ይመስለዋል፤ ሲለካ ግን ከክብደቷ አንጻር ከሌሎች አጥቢ እንስሳት ልብ ብዙም አይበልጥም። ልዩ የሚያደርገው ደም ወደ ሰውነት የሚረጨው የግራ ክፍል ግድግዳ ውፍረት ነው።

ችግሩ ግን እዚህ አያበቃም። ወደ ታች ሲሆን የደሙ ክብደት በፓምፑ ግፊት ላይ ይደመራል። እግሮቿ ለምን አያብጡም? ቆዳቸው ወፍራምና ጥብቅ ስለሆነ ልክ እንደ ጠባብ ካልሲ ጨምቆ ይይዛቸዋል። የናሳ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ይህን አጥንተዋል።

ጎንበስ ስትልስ? ከጭንቅላቷ የሚመለሰው ደም በአንገቷ ሰፋፊ ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ ልብ የሚደርሰው ደም ሲያንስ ግፊቱም ዝቅ ይላል፤ አንጎሏ ይተርፋል። ቀና ስትል የተጠራቀመው ደም በአንዴ ወደ ልብ ይወርዳል፣ ልብም በኃይል መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል። አንገቷ ራሱ ታንከር ሆነ ማለት ነው!

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የሰው የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ከቆየ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜም ምንም ምልክት ሳያሳይ። ቀጭኔ ግን ዕድሜ ልኳን በዚያ ግፊት ትኖራለች። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ኤፍ.ጂ.ኤፍ.አር.ኤል.1 የተባለውን የቀጭኔ ጂን ዓይነት አይጦች ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ግፊት የሚጨምር መድኃኒት ሰጧቸው። የአይጦቹ ግፊት ከተራ አይጦች ያነሰ ጨመረ፤ ልባቸውና ኩላሊታቸውም በተሻለ ሁኔታ ከጉዳት ተረፈ። ከአይጥ እስከ ሰው መድኃኒት ያለው መንገድ ገና ረጅም ነው፤ ፍንጩ ግን ተገኝቷል።

ይቺ እንስሳ ሩቅ አገር ብቻ ያለች እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ጋምቤላ ውስጥም ጥቂት ቀጭኔዎች ይኖራሉ። እነሱ ከጠፉ፣ ገና ያልጠየቅናቸው ጥያቄዎች መልስም አብሯቸው ይሄዳል።