በ«ጠ» ቤት የሚያብቡ

ስማቸው ከ«ጠ» እስከ «ጦ» ባሉት ፊደላት የሚጀምር ዕፅዋትን ብንሰበስብ ጓዳው ግማሽ ይሞላል። ጤፍ ከሌማቱ፣ ጥቁር አዝሙድ ከዳቦው፣ ጤና አዳም ከቡናው ስኒ፣ ጦስኝ ከሻዩ፣ ጥንጁት ከጠላው ጋን፣ ጠጅ ሳር ከበዓሉ ጉዝጓዝ፣ ጥጥ ከነጠላው ይገኛሉ። ከቤት ወጣ ሲሉ ደግሞ ጥንቅሽ በማሳው፣ ጥድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይጠብቃሉ። ሁሉም የዕለት ተዕለት ወዳጆቻችን ናቸው፤ አበባቸውን ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። ፊደል ጎረቤት ካደረጋቸው ከእነዚህ መካከል እውነተኛ ዘመዳሞቹን ከስም ተጋሪዎቹ ለመለየት መጠየቅ ያለበት አበባው ነው።

አስቀድሞ ከዝርዝሩ የሚወጣ አንድ አለ፤ ጥድ አያብብም። የአበባ ዕፅዋት መለያ ዘራቸው በተዘጋ ክፍል ውስጥ መፈጠሩ ነው። በአበባው መሐል ያለው ሴቴ ክፍል ዘሩን ዙሪያውን ሸፍኖ ይይዘዋል፤ ሲጎመራ ፍሬ የምንለውም እሱ ነው። የሐበሻ ጥድ እንዲህ ያለ ክፍል የለውም። ፍሬ የሚመስለው ሰማያዊ እንክብል ሥጋ አውጥተው የተጋጠሙ ቅርፊቶች ስብስብ ነው። ወንዴውና ሴቴው በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚወጡ የሚያገናኛቸው ነፋስ ነው። በምድር ላይ የሚያብቡ ዕፅዋት 300,000 ያህል ዓይነት ሲኖራቸው፣ እንደ ጥድ አበባ ሳይኖራቸው ዘር የሚሰጡት 1,000 ገደማ ብቻ ናቸው።

ከቀሩት ሦስቱ፣ ጤፍ፣ ጥንቅሽና ጠጅ ሳር፣ የሳር ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳም የዚሁ ቤት ናቸው። የሳር አበባ ንብ የሚጠራ ቀለም የለውም፤ አብዛኛው ሳር ጉዳዩን የሚጨርሰው በነፋስ ስለሆነ ጌጥ አያስፈልገውም። በጤፍ ዘለላ ላይ ግን ጠጋ ብሎ በማጉያ መነጽር የሚያይ ሰው በእያንዳንዷ ጥቃቅን አበባ ውስጥ ሦስት ወንዴዎችንና ላባ የመሰለ ጫፍ ያላትን ሴቴ ያገኛል።

ይህች ትንሽ አበባ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት አታላለች። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው፤ የወንዴው ዱቄት የሚያርፈው እዚያው አበባ ውስጥ ባለችው ሴቴ ላይ ነው። አበባዋ ተከፍታ የታየችበት ጊዜ ስላልነበረ ጨርሶ አትከፈትም ተብሎ ታመነ። እምነቱ ያስከተለው ችግር ቀላል አልነበረም። የአንዱን ጤፍ መልካም ጠባይ ከሌላው ጋር ለማዋሐድ ከአንዱ ዱቄት ወስዶ በሌላው ላይ ማድረግ ግድ ነው፤ አበባው ካልተከፈተ ደግሞ መግቢያ የለም። ስለዚህ አዳቃዮች ለረጅም ጊዜ የሠሩት ገበሬው ካቆያቸው ዘሮች መካከል የተሻለውን እየመረጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪው ታረቀ በርሄ የአበባዋን ሰዓት አገኘ። የጤፍ አበባ ትከፈታለች፤ ግን ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ብቻ። ብዙ ሰው ሥራ ሳይጀምር ተከፍታ ትዘጋለች። ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ የጤፍ ማዳቀል መልክ ያዘ። አዳቃዩ ወንዴዎቹ ዱቄታቸውን ከመርጨታቸው በፊት በቀጭን ወረንጦ ይለቅማቸዋል፤ ከዚያ ከሌላ ጤፍ ያመጣውን ዱቄት ሴቴዋ ላይ ያደርጋል። ዘሩ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ ሰብል አበባው ምን ያህል ትንሽ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፤ ሥራው ዓይንና ትዕግሥት የሚጨርስ ነው።

ፍሬው ግን ታየ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከተዳቀሉት መካከል እጅግ የታወቀው ቁንጮ ነው። ከወላጆቹ አንዱ በምርቱ ብዛት የተመሰገነ ነበር፤ ሌላው ደግሞ በጣም ነጭ ዘር ያለው ማኛ ነበር። ብዙ የሚያመርተውን ገበያው ይንቀዋል፤ ገበያው የሚወደውን ማኛ ደግሞ ገበሬው በምርቱ ማነስ ያማዋል። ሁለቱን ያዋሐደው ቁንጮ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው ተለቀቀ፤ በብዙ አካባቢም ተስፋፋ። የዚህ ሁሉ መነሻ በጠዋት ለአንድ ሰዓት እንኳ የማትቆይ አበባ ናት።

ዘመዱ ጠጅ ሳር በተቃራኒው አበባውን እምብዛም አያሳይም። በየግቢው ስንተክለው የምንጠቀመው ዘሩን ሳይሆን ከነሥሩ የተከፈለ ጉጡን ስለሆነ አለማበቡን ማንም አያስተውልም። በአንድ ሰፈር ያለው ጠጅ ሳር ከአንድ ጉጥ የተነሣ ከሆነ ሁሉም የአንዱ ግልባጭ ነው። ጥንቅሽ ደግሞ በአገዳው ውስጥ ስኳር የሚያከማች ማሽላ ነው። ልጆች እየላጡ የሚያኝኩት ጣፋጭ አገዳ ከእንጀራ ማሽላ ጋር በአንድ ማሳ ከተዘራና ጊዜያቸው ከገጠመ ሊዳቀሉ ይችላሉ፤ አበባቸው አንድ ነውና።

ሁለተኛው ቤት የጦስኝና የጥንጁት ነው። አንዱ በደጋ ሻይ ውስጥ ይፈላል፤ ሌላው የጠላ ጋንና እንስራ ይታጠንበታል። በጥቅም የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ በሶብላ፣ ዳማ ከሴና የጥብስ ቅጠል ያሉበት አንድ ቤተሰብ ናቸው። ምልክታቸው ሁለት ነው። ለጋ ግንዳቸው በጣት ሲዳሰስ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። አበባቸው ደግሞ የላይና የታች ከንፈር አለው፤ ታችኛው ከንፈር ንብ የምታርፍበት መደብ ነው፤ ወደ ማሩ ስታጎነብስም ከላይ ያለው ወንዴ ጀርባዋን ዱቄት ይቀባታል። ሽታቸውም የቤተሰብ ነው፤ በቅጠላቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ውስጥ ዘይት ያጠራቅማሉ፤ ሲታሹ ወይም ሲጨሱ የሚወጣው መዓዛ እሱ ነው። የአገራችን ጦስኝ በሳይንሳዊ ስሙ የጀርመናዊውን የዕፅዋት ሰብሳቢ የዊልሄልም ሺምፐርን መጠሪያ ይዟል። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ዛሬም በአውሮፓ ቤተ ዕፅዋት ተቀምጠዋል።

ጤና አዳም ሽታው ከእነዚህ ጋር የሚያስመድበው ይመስላል፤ አበባው ግን ሌላ ይላል። ቢጫ ነው፤ ከንፈር የለውም፤ ጠርዙም ዘርፍ ያለው ነው። በዘለላው መሐል ቀድሞ የሚከፈተው አበባ አምስት የአበባ ቅጠል ሲኖረው በዙሪያው ያሉት አራት አራት አላቸው። ዘመዶቹ ሎሚና ብርቱካን ናቸው። የጤና አዳምን ቅጠል ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ የሚያይ ሰው ነጠብጣብ የሚመስሉ ብርሃን አሳላፊ ከረጢቶች ያያል፤ የሎሚን ቅጠልም ቢያይ እነዚያኑ ያገኛል። ዝምድናው ማስጠንቀቂያም አለው። የሁለቱም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ብርቱ ፀሐይ ካገኘው ሊያቃጥልና ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ጤና አዳም በብዛት የሚቆርጥ ሰው ከጨረሰ በኋላ እጁን ቢታጠብ ይሻለዋል።

ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ደግሞ በገበያ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በበርበሬ ውስጥም አብረው ይገባሉ። የአንድ ተክል ሁለት ቀለም የሚመስሏቸው ብዙዎች ናቸው፤ አበባቸው ሲታይ ግን ባዕዳን ናቸው። ነጭ አዝሙድ እንደ ድንብላልና እንስላል በጃንጥላ ቅርጽ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጭ አበቦች አሉት። ጥቁር አዝሙድ ግን በቅርንጫፉ ጫፍ ለብቻው የሚወጣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ነጭ አበባ አለው። የሚገርመው፣ ዓይን የሚስቡት አምስት ቅጠሎች አበባው እምቡጥ ሳለ ሽፋኑ የነበሩት ናቸው፤ እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች አንሰው ወደ መሐል ገብተው የማር መያዣ ሆነዋል። ጥቁሩ ዘር የሚያድገው በአበባው መሐል በሚያብጠው ክፍልፋይ ቋጠሮ ውስጥ ነው።

ጥጥ ሰፋ ያለና በቅርብ የሚታይ አበባ አለው። በብዛት የሚዘራው ዓይነት ጠዋት ነጣ ብሎ ይከፈታል፤ በማግሥቱ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ከዚያ ይረግፋል። ባሚያ ያመረተ ሰው ይህን አበባ ሲያይ አይደናገርም፤ ባሚያና ከርከዴ ዘመዶቹ ናቸውና። ከአበባው በኋላ የሚቀረው ቋጠሮ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ይፈነዳል። በመዳመጫ ፍሬው የሚወጣለት፣ በደጋን የሚነደፈው፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት የሚፈተለው ጭረት ከዘሩ ቆዳ የበቀለ ፀጉር ነው፤ እያንዳንዱም ጭረት ርዝመቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢደርስም አንድ ነጠላ ሕዋስ ነው።

የዕፅዋት ሊቃውንት መጻሕፍታቸውን በፊደል ተራ ሳይሆን በቤተሰብ የሚያደራጁት ፊደል ያጎራበታቸውን አበባ ስለሚለያቸው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ ዕፅዋት ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ2009 ሲጠናቀቅ 6,000 ገደማ ዓይነቶችን የያዘው በዚህ አደረጃጀት ነው። ጥቅሙ ለምሁር ብቻ አይደለም። ዝምድና የታወቀለት ተክል ከማን ጋር እንደሚዳቀል፣ ምን ዓይነት ዘይት እንደሚይዝ፣ ቆዳን እንደሚጎዳ ወይም እንደማይጎዳ አስቀድሞ ፍንጭ ይሰጣል። የአገር ስም ግን ከወረዳ ወረዳ ይለዋወጣል፤ አንዱ ስም ለሁለት ተክል፣ ሁለት ስም ለአንድ ተክል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በጓሮው የበቀለውን ተክል ማንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቅጠል ብቻ ቆርጦ ወደ ባለሙያ ባይሄድ ይመረጣል። እስኪያብብ ይታገሥ፤ አበባ የያዘ ቅርንጫፍ ቆርጦ በጋዜጣ መካከል ይጫነው፤ የት ቦታና በየትኛው ወር እንዳገኘው ይጻፍበት። ያን የያዘ ናሙና ስሙ ባይነገር እንኳ ቤተሰቡን ራሱ ይናገራል።